ያልጠረግሁት ውሃ

ጥቅምት 3፣ 1995

አዲስ ደብተር ጀመርሁ። ቀኑን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ መሥሪያ ቤቱ የሚሠራው በሱ ስለሆነ ሁለት አቆጣጠር ማደባለቅ አልፈልግም። ጥቅምት ስል ኦክቶበር ማለቴ ነው፤ ሌሎቹም ወሮች እንዲሁ። በአማርኛ የምጽፈው ደግሞ ሙያዬን አዲስ አበባ ስለተማርሁና እጄ ስለለመደው ነው። ባለቤቴ ኣብርሄት ገና በልጅነቷ ከታጋዮቹ ጋር በረሃ ገብታ ትግርኛና ዓረብኛ እንጂ አማርኛ ማንበብ አልተማረችም። ምክንያቱ እሱ አይደለም።

ዛሬ የእኅቴ የሓረጉ ናሙና መጣ። ባለፈው ሳምንት ኢጣልያውያኑ ሐኪሞች ጭንቅላቷን ከፍተው ዕጢውን አወጡላት። ለአንድ ወር ብቻ የመጡ ናቸው፤ ጥቅምት 27 ይመለሳሉ። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሄዳ በተነሣችው የጭንቅላት ፎቶ የታየው አንድ ነው፦ በግራ በኩል ከራስ ቅሉ ሥር የተለጠፈ ትልቅ ክብ ነገር፣ ዙሪያውን እብጠት። ሐኪሞቹም አንድ አወጡ።

እኔ እዚህ አስመራ በሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ ሥጋ ቆራጭ ነኝ። ለሰው ስናገር "ቴክኒሺያን" እላለሁ፤ ሓረጉ ግን "ባለ ሥጋ ቤቱ ወንድሜ" ትለኛለች። ከኔ ሌላ ይህን የሚሠራ የለም። አለቃዬ ዶቶር ዘርአብሩክ "እኅትህ ናት፤ ከፈለግህ እኔ ልቁረጠው" አሉኝ። እሳቸው የተቆረጠውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩ ናቸው፤ ቢላዋ ከያዙ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። እኔው እሠራዋለሁ አልሁ።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው፦ አንድ ጠንካራ፣ ሎሚ የሚያህል። አጠገቡ አንድ ለስላሳ፣ የምስር ፍሬ የምታህል። ከትልቁ ቀጭን ቁራጭ ወሰድሁና ከትንሿ ጋር በአንድ ሰም አሸግኋቸው። መዝገቡ ላይ "ሥጋ፣ አንድ ብልቃጥ" ብዬ ጻፍሁ።

ጥቅምት 5

የምሳ ሰዓት። ቤተ ሙከራው ባዶ ነው።

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው (ለማን እንደማስረዳ እንጃ)፦ ሥጋው በሰም ይታሸጋል። ሰሙ ሲጠነክር በመቁረጫው ከሽንኩርት ልጣጭ በቀጠነ ልክ ይላጣል። ልጣጩ ለብ ያለ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከውሃው በመስታወት ይነሣል፤ ቀለም ይገባል። ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ሲታለፍ የውሃው ፊት በወረቀት መጠረግ አለበት። ካልተጠረገ የአንዱ ሥጋ ፍርፋሪ የሌላው መስታወት ላይ ይለጠፋል። ተንሳፋፊ እንለዋለን። አሥራ ሰባት ዓመት ስሠራ ተንሳፋፊ አውጥቼ አላውቅም።

ጠዋት መጀመሪያ ከከረን የመጣ የአንድ ሰውዬ ሰም ቆረጥሁ። እሱንም ኢጣልያውያኑ ናቸው የከፈቱት፤ የሱ ክፉ ዕጢ ነው። ጋዜጣ ቀድጄ ውሃውን ጠረግሁ። ቀጥሎ የሓረጉን።

ቀለሙ ከገባ በኋላ አየሁት። ትልቁ ቁራጭ ሴሎቹ እንደ ጣት አሻራ ክብ ክብ ሠርተዋል። ይህ የአንጎል ሽፋን ዕጢ ነው፤ ሜኒንጂዮማ ይባላል። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ካወጡት ብዙ ጊዜ አለቀ። ከመስታወቱ ጥግ ላይ ትንሿ አለች። እሷ ሌላ ትመስላለች። ብዙ አላየኋትም፤ ማየት የዶቶር ሥራ ነው።

ጥቅምት 6

"ሊባኖስ፣ ና እስቲ። ይቺ ጥግ ላይ ያለችው ምንድን ናት?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዶቶር መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "ይህ የሽፋን ዕጢ አይደለም። ይህ ከአንጎሉ ከራሱ ሥጋ የበቀለ ነው፤ ግሊዮማ። በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሁለት ዓይነት ዕጢ፣ ያውም ዝምድና የሌላቸው? በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አላጋጠመኝም።"

"የከረኑ ሰውዬ ነው" አልሁ። "ከሱ ቀጥሎ ነው የቆረጥሁት። ውሃውን ሳልጠርግ ቀርቼ ነው።"

"አንተ?"

"ሓሳቤ ሌላ ቦታ ነበር፣ ዶቶር።"

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "እኅትህ ናት፤ ማን ይፈርድብሃል። ስሕተትህ በመሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን። በል ደግመህ ቁረጥና አምጣልኝ።"

ከሰዓት በኋላ ደግሜ ቆረጥሁ። አስቀድሜ የሰሙን አንድ ጥግ በምላጭ ቀነስሁት። ጥግ ሲበዛ ቢላዋውን ይይዘዋል፤ የትም ያለ ባለሙያ የሚያደርገው ነው። አዲሱ መስታወት ንጹሕ ወጣ። አንድ ዓይነት ብቻ። ዶቶር ፈረሙ፦ ሜኒንጂዮማ፣ ክፉ ያልሆነ።

የቀነስሁትን ሰም ክብሪት ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ። ፍርፋሪ መሬት መጣል አልወድም።

ጥቅምት 7

ለቤተ ሰቡ ነገርሁ። የሓረጉ ልጅ ዳናይት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ሠርጓ በናቷ ሕመም ምክንያት ተንጠልጥሎ ነበር፤ ዛሬ ቀን ተቆረጠለት። ጥር 28፣ እሑድ። እጮኛዋ ኣቢኤል እጄን ሊስመኝ ፈለገ። እኔ ምን አደረግሁ?

ጥቅምት 15፣ እሑድ

ሓረጉ ከሆስፒታል ወጣች። በቀጥታ ወደ ቤት ትሄዳለች ብለን ስንጠብቅ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ካልተሳለምሁ አለች። በታክሲ ቤት ጊዮርጊስ ወሰድናት። ዳገቱ ላይ ንፋሱ ብርቱ ስለነበረ በተላጨው ራሷ ላይ ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛ ከግንቡ ሥር ቆመች። የምጽዋ መንገድ ቁልቁል በጉም ተሸፍኖ ነበር። ምን እንደጸለየች አልጠየቅሁም።

ከዚያ ማይ ጭሆት ሰፈር እቤቷ ምሳ በላን። ሰው ሞልቶ ነበር። ሓረጉ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ካምቻ፣ ማለት ሸሚዝ፣ ፋብሪካ ኮሌታ ስትሰፋ ሃያ ዓመት ኖራለች። ባሏ ከሞተ ቆየ። እናታችን ስትሞት እኔ አምስት፣ እሷ አሥራ ሦስት ዓመት ነበርን፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ አዲስ አበባ ልካ ያስተማረችኝም እሷ ናት። ይህን ሁሉ የምጽፈው መዝገብ እንዲሟላ ነው።

"ጭንቅላቴን ከፍተው ምን አገኙ?" አለች ለሰዉ። "ሊባኖስን! ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያ ተቀምጦ ሲጨቀጭቀኝ ኖሮ።"

ሳቅን። እኔም ለማሳቅ ብዬ የውሃውን ነገር አወራሁ፦ ሳልጠርግ ቀርቼ የሌላ ሰው ዕጢ እሷ ላይ ልለጥፍባት እንደነበር፣ ዶቶርም እንደደነገጡ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ኣብርሄት ሳቀች፤ ዳናይት "ኣኮይ፣ አንተን ነው የምናምነው?" አለችኝ፤ የናት ወንድም በኛ እንዲያ ነው የሚባለው።

ሓረጉ ብቻ አልሳቀችም። "አንተ?" አለች። "ውሃ ሳትጠርግ?"

"አዎን፣ እኔ።"

ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ "ብላ፣ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ይቀዘቅዛል" አለችኝ።

ጥራቮሎ ሰፈር ወዳለው ቤቴ በእግር ነው የተመለስሁት። መንገድ ላይ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። ሰባት ዓመቴ ሳለ የአባታችንን ፋኖስ ሰበርሁ። አባታችን ሲገባ ሓረጉ "እኔ ነኝ" አለች። ቀበቶውን ፈታ። እኔ አልጋ ሥር ነበርሁ፣ እግሯ ይታየኝ ነበር። አንድም ቃል አልተናገርሁም። ለምን ዛሬ እንዳስታወስሁት አላውቅም።

ጥቅምት 27

ኢጣልያውያኑ ሄዱ። ኮሪደር ላይ ቀዶ ሕክምናውን የመራው ሰው ብቻዬን አገኘኝ። ጣልያንኛዬ የአስመራ ሰው ጣልያንኛ ነው፣ ግን የጠየቀኝ ገብቶኛል። ከዕጢው አጠገብ አንጎሉ ለስልሶ ስላላማረው ትንሽ ቆንጥሮ ከትልቁ ጋር እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ጨምሯል። ያቺ ትንሽ ነገር ምን ሆነች ነው ያለኝ።

"ቱቶ በነ" አልሁት። ሁሉም ደህና።

ማኪናው ሞተሩ ተነሥቶ ይጠብቃቸው ነበር። ቸኩሎ ጨበጠኝ። የካቲት ላይ ይመለሳሉ ተብሏል።

ኅዳር 5፣ እሑድ

ማይ ጭሆት ሄድሁ። ሓረጉ የዳናይትን የሠርግ ዙርያ (ቀሚሷን ነው) ጠርዝ በእጇ እየሰፋች ነው። የስፌት መኪና አይነካውም ብላ ምላለች። ስፌቷን አየሁት፦ ከአንዱ ነጥብ እስከ ሌላው ቅንጣት ልዩነት የለም። በማይክሮስኮፕ ቢታይ እንኳ አያሳፍርም። ፀጉሯ እንደ ጨቅላ ፀጉር ብቅ ብሏል። ደህና ናት። ደህና ናት ብዬ ለኣብርሄት ነገርኋት።

ኅዳር 19

ስፌቱ። ዛሬ ከሰፋችው አንድ ስንዝር ያህሉ መስመሩን ስቶ ወደ ታች ወርዷል፣ ከዚያ ተመልሷል። ብርሃኑ ጥሩ አልነበረም ይሆናል።

ኅዳር 22

መርፌውን "ቁልፍ" አለችው። ራሷ ሳቀች። እኔም።

ኅዳር 26

ራስ ምታት። የሰፈሯ ክሊኒክ ያለው ሐኪም የሆስፒታሉን ወረቀት አንብቦ ቁስሉ ገና ነው አላት። ወረቀቱ ላይ "ክፉ ያልሆነ" ይላልና ምን ይበል። ኪኒን ሰጣት። ጎረቤቶቿም ቁስሉ ነው አሉ። እኔም ቁስሉ ነው አልሁ።

ታኅሣሥ 3

የከረኑ ሰውዬ ሞተ። ልጁ ወረቀት ሊወስድ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሻሂ አስመጣሁለት። መጀመሪያ ቀኝ እጁ ሰነፈ፣ ቀጥሎ ቃላት ይጠፉበት ጀመር፣ ከዚያ ወደቀ አለኝ። ሲሄድ አመስግኖኝ "የቐንየለይ፣ ስለ አባቴ ደክማችኋል" አለኝ። በሩ ድረስ ሸኘሁት።

የሱና የሓረጉ አንድ አይደለም። የሱ ግሊዮማ ነው። የሷ ሜኒንጂዮማ ነው፣ ያውም የወጣ። ተፈርሞበታል።

ታኅሣሥ 10

ሓረጉ ዛሬ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። ቀኝ እጇና ፊቷ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲንቀጠቀጥ ዳናይት ደርሳ ያዘቻት። እኔ ስመጣ ተቀምጣ ነበር፤ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ጭኗ ላይ አኑራዋለች።

ጓዳ ሆኜ ዳናይት ለኣብርሄት ስትናገር ሰማሁ። "ሠርጉን እናዘግየው ብዬ ነበር። ግን ኣኮይ ሊባኖስ ደህና ናት ካለ ደህና ናት። ሥጋዋን በዓይኑ ያየው እሱ ነው።"

ታኅሣሥ 11

ሥራ ብዙ። አሥራ አራት ሰም ቆረጥሁ። በያንዳንዱ መሃል ውሃውን ጠረግሁ። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ።

ታኅሣሥ 12

ኢጣልያውያኑ የካቲት ላይ ይመጣሉ። ከየካቲት በፊት እዚህ ጭንቅላት የሚከፍት የለም። ስለዚህ ዛሬ ብናገርም በሠርጉ ማግስት ብናገርም ለውጥ የለውም። ቀላል ሂሳብ ነው።

ታኅሣሥ 13

ጥቅምት 6 ብናገር ኖሮ እዚህ ነበሩ። ሃያ አንድ ቀን።

ታኅሣሥ 27

ኣብርሄት ምድጃ ልታቀጣጥል ክብሪት አጣች። ጃኬቴ ኪስ ገብታ ሣጥኑን አወጣችና ከፈተችው። ለካ ከቤተ ሙከራው መሳቢያ አውጥቼ ይዤው ስዞር ከርሜያለሁ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ሰም።"

ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። በረሃ ውስጥ የቆሰለ ስታክም የኖረች ናት፤ ነገር ቶሎ ይገባታል። "ሰው ሰም በኪሱ ይዞ አይዞርም" አለችና ሣጥኑን ዘግታ መልሳ ኪሴ ከተተችው። ክብሪት ከጎረቤት ተበደረች። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 29

የምሳ ሰዓት። በሩን ዘጋሁ። የሰሙን ጥግ አቅልጬ እንደገና አሸግሁት። አዲስ ውሃ ቀዳሁ። ከሱ በፊት ዛሬ የማንም ሥጋ አልተቆረጠም፤ ሳህኑን በሳሙና አጥቤዋለሁ። ቆረጥሁ። ቀለም አገባሁ።

ያቺው ናት። ጥቅምት 5 ያየኋት።

በቅጡ እጽፈዋለሁ፦ ተንሳፋፊ የሚገኘው መስታወቱ ላይ ነው። ከውሃው ነው የሚመጣው። ሰሙ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ሰሙ ውስጥ ያለ ነገር ከብልቃጡ የገባ ነው፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ደግሞ ከሓረጉ ጭንቅላት የወጣ ነው። ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። እኔ ጥጉን በምላጭ ስቆርጥ አውቀው ነበር። ትንሿን በሁለት ጣቴ ይዤ ሰሙ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ውሃውንም ጠርጌው ነበር፤ ያን ዕለት ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ።

ጥር 2፣ 1996

ሁለቱን መስታወት፣ የጥቅምት 5ቱንና የታኅሣሥ 29ኙን፣ ለዶቶር ዘርአብሩክ አቀረብሁ። አዩ። ደግመው አዩ።

"የከረኑ ሰውዬ ነው ብለኸኝ ነበር።"

"አይደለም። ከሷ ሰም ነው የወጣው። ያን ቀን ቆርጬ ደበቅሁት።"

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "ኢጣልያውያኑ ከሄዱ በኋላ ነገሩ አላስተኛ ብሎኝ መጽሐፍ አገላበጥሁ" አሉ በመጨረሻ። "ያጋጥማል። እጅግ ጥቂት ነው፣ ግን ያጋጥማል። ሽፋኑ የራሱን ያበቅላል፣ አንጎሉ የራሱን። ፎቶው ላይ እብጠት ያልነው ከፊሉ እሱ ነበር።" ወደ እኔ ዞሩ። "ሰሙን አምጣ ማለት ነበረብኝ። 'አልጠረግሁም' ስትለኝ ደስ አለኝና ተውሁት። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው።"

"ያሳሳትሁዎት እኔ ነኝ።"

"እሱማ አንተ ነህ" አሉ። "ለሐኪሞቹ ዛሬ ፋክስ አደርጋለሁ፤ ለሚጥል በሽታውም መድኃኒት እጽፍላታለሁ። ለእኅትህ ግን የምትነግረው አንተ ነህ። ለአስተዳደሩም የሆነውን እንደሆነው ትጽፋለህ። እስኪወስኑ ሥራህን ሥራ፤ ሌላ ቆራጭ የለኝም።"

ጥር 6

በኛ አቆጣጠር ነገ ልደት ነው። ዳናይት ዳስ የሚጥሉትን ሰዎች ልታነጋግር ወጥታ ነበር። ሓረጉ አልጋዋ ላይ ተደግፋ፣ ዙርያው ጭኗ ላይ፣ መርፌው በግራ እጇ ነው።

"የምነግርሽ አለኝ።"

"መጀመሪያ ተቀመጥ። እንደ ፖሊስ አትቁምብኝ።"

ነገርኋት። ትንሿን ቁራጭ፣ ጥጉን፣ ክብሪቱን፣ ኢጣልያዊውን፣ ሁሉንም በየቀኑ፣ ሪፖርት እንደማነብ። አላቋረጠችኝም።

ስጨርስ "ያን ቀን ውሃውን ጠርገኸው ነበር?" አለች።

"ጠርጌው ነበር።"

"አውቃለሁ።"

ቀና ብዬ አየኋት።

"ልጅ ሳለህ ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ ሳታጥብ ውሃ አትጠጣም ነበር። ከቤት ጊዮርጊስ የመጣን ቀን ሰዉ ሁሉ ሲስቅ እኔ በልቤ 'ሊባኖስ ሳይጠርግ? ኣይኮነን፣ አይደለም፣ ሌላ ነገር አለ' አልሁ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

ቃሉን ፈለገችው። አሁን ብዙ ጊዜ ትፈልጋለች። "እኔም ዕጢው አንድ ብቻ እንዲሆን ፈልጌ ነበራ። አንተ ዋሸኸኝ፤ እኔ ያመንሁ መሰልሁ።"

"ሓረጉ፣ ሃያ አንድ ቀን ነበረን። ሐኪሞቹ እዚህ ሳሉ። ያኔ ብናገር ኖሮ ሁለተኛውንም ያወጡልሽ ነበር።"

ይህን አላሰበችውም ነበር። ፊቷ ላይ አየሁት። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው፤ ሁለት ጊዜ ስታ በሦስተኛው። ጎዳናው ላይ አንድ የፈረስ ጋሪ አለፈ።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አለች። "ቀኖቹን ግን እኔ አልይዝልህም። እነሱን አንተ ትይዛቸዋለህ።"

"እወ፣ እይዛለሁ።"

"ለዳናይት እስከ ሠርጉ አንድ ቃል እንዳትነግራት። ከሠርጉ በኋላ እኔው እነግራታለሁ።" ከዚያ፣ እንደ ድሮዋ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ፣ "ሊባኖስ፣ ያላጠፉትን አጠፋሁ ማለት ከማን ተማርኸው?"

"ካንቺ።"

ሳቀች። እኔ አለቀስሁ። እናቴ ስትሞት እንደዚያ ማልቀሴን ሰዎች ነግረውኛል እንጂ አላስታውሰውም፤ ይህን ግን አስታውሰዋለሁ። በዙርያው ጫፍ ልታብሰኝ ስትል "ኣይፋልን፣ የሠርግ ልብስ ነው" ብዬ እጇን ያዝሁት። ቀኝ እጇ ነበር። ቀዝቃዛ ነው፣ ሲይዙትም አይይዝም።

ጥር 7

ኣብርሄት ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ከጥቅምት 3 ጀምሮ ወደ ትግርኛ እየመለስሁ አነበብሁላት። "ምክንያቱ እሱ አይደለም" የሚለው ጋ ስደርስ "እሱ ነው" አለች። ቀጥል አለችኝ፣ ቀጠልሁ።

ጥር 28

ሠርጉ ሆነ። ሦስት ዳስ፣ ብዙ ሰው። ሓረጉ ቆማ ተቀበለች፤ ቀኝ እጇን በነጠላው ሥር በግራዋ ይዛዋለች። ኣቢኤልን በሞተው ባሏ ስም ጠራችው። ሰዉ የናፍቆት መሰለውና አለቀሰ።

የዳናይት ዙርያ ጠርዝ በስተቀኝ በኩል ጠማማ ነው። ልብስ ሰፊ ታስተካክለው ብለዋት ዳናይት እምቢ አለች አሉ። ከበሮው ሲመታ ጠርዙ ሲዞር ሲዞር እኔ እሱን ብቻ አይ ነበር።

የካቲት 9

ከፈቷት። ስድስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ያው ሰው ነው የመራው። የሚወጣውን ያህል አወጣሁ፣ ሁሉን አይደለም አለ። በጥቅምት ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ይወጣ እንደነበር አልጠየቅሁትም። ለዶቶር ነግሯቸዋል፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ዳናይት አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀምጣለች። እናቷ ነግራታለች። ኣኮይ አላለችኝም። ግን ከአጠገቤ አልተነሣችም።

የካቲት 13

ብልቃጡ መጣ። ዶቶርን አጠገቤ ይቁሙ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ቆሙ። እያንዳንዱን ቁራጭ ቆጥረን መዝገቡ ላይ ለየብቻ ጻፍን፣ እያንዳንዱን በየራሱ ሰም አሸግሁ። ነገ ይቆረጣል። የአስተዳደሩ ውሳኔ ገና ነው።

የካቲት 14

ቆረጥሁ። ቀለም አገባሁ። ግሊዮማ ነው፤ ዶቶር ፈረሙ።

ሊመሽ ሲል ወደ ክፍሏ ሄድሁ። ነቅታለች። ቃል አይወጣላትም፤ ሐኪሙ ከሳምንታት በኋላ ጥቂቱ ይመለስ ይሆናል ብሏል። ስታየኝ ዓይኗ ጠበብ አለ፣ ልትቀልድ ስትል እንደምታደርገው። ግራ እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣች። መዳፏን ወደ ታች ዘርግታ በብርድ ልብሱ ላይ በቀስታ ከዳር እስከ ዳር ሳበችው፣ ልክ የውሃ ፊት እንደሚጠረግ። ከዚያ ቅንድቧን አንሥታ መልሴን ጠበቀች።

"ጠርጌያለሁ" አልኋት።

ራሷን ነቀነቀችና ዓይኗን ጨፈነች።